የጦርነት ሙታንን ቁጥር ክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምር?

ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ታሪክ አስተምራለሁ። የዓለም ጦርነቶች ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ከተማሪ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ጥያቄ «ቲቸር፣ ስንት ሰው ሞተ?» የሚል ነው። ደግ ጥያቄ ነው፤ ሊበረታታ ይገባል። የሚያሳዝነው እኛ መምህራን «ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ70 እስከ 85 ሚሊዮን» ብለን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ወደ ቀጣዩ ርዕስ ስናልፍ ነው። ተማሪው ቁጥሩን ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል፤ ከእነዚያ ሁሉ ሚሊዮኖች አንድም ሰው ሳያይ ትምህርቱን ይጨርሳል። እኔ የምሠራበትን አካሄድ ለሥራ ባልደረቦቼና ልጃቸው ይህንኑ ለሚጠይቃቸው ወላጆች ላካፍል። በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም፤ ሦስት ብትመድቡለት ይበቃል።

ወደ ቁጥሩ ከመግባታችሁ በፊት ከፊታችሁ የተቀመጡትን ልጆች አስቡ። የእኛ አካባቢ ልጅ ጦርነትን ያወቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከቤታቸው የወጡ፣ ዘመድ የቀበሩ፣ የዘመዳቸውን መቃብር እንኳ የማያውቁ ልጆች ዛሬ ክፍል ውስጥ አሉ። ስለዚህ በሰው ፊት «ከእናንተ ቤት ማን ሞተ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ልጁ ራሱ መናገር ከፈለገ ጊዜ ስጡት፣ ዝም ካለ ተዉት። የዚያ ጦርነት ሙታን ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያከራክር በመሆኑ ተማሪዎች «ከእነሱ የኛ ይበልጣል» ወደሚል ፉክክር በቀላሉ ይገባሉ። ፉክክሩ ሲጀመር ወዲያው አቁሙት። የሞተ ሰው የማንም ወገን ማስረጃ እንዳይሆን መጠበቅ የመምህሩ ሥራ ነው።

ቆጣሪውን ፈልጉ

ሰሌዳው ላይ ሦስት ቁጥሮች ጻፉ፦ 7 ሚሊዮን፣ 20 ሚሊዮን፣ 27 ሚሊዮን። ከዚያ «እነዚህ የየትኞቹ ጦርነቶች ሙታን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪዎቹ ሦስት የተለያዩ ጦርነቶችን ይገምታሉ። ሦስቱም ግን የአንድ አገር፣ የአንድ ጦርነት፣ የእነዚያው ሰዎች ቁጥር ናቸው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የሶቪየት ኅብረት ዜጎች። ቁጥሮቹን የተናገሩት በየጊዜው አገሪቱን ይመሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ስታሊን 7 ሚሊዮን ገደማ አለ። በ1961 ክሩሽቼቭ 20 ሚሊዮን አለ። በ1990 ጎርባቾቭ ወደ 27 ሚሊዮን የሚጠጋ መሆኑን ተናገረ። በእነዚያ 44 ዓመታት ውስጥ ለዚያ ጦርነት አዲስ የሞተለት ሰው አልነበረም። የተለወጠው ተናጋሪውና መንግሥት እንዲታወቅ የፈቀደው ነገር ነው።

ተማሪ ቀጥሎ «ታዲያ 27 ሚሊዮኑን ማን ቆጠረ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን አታድበስብሱ፤ አንድ በአንድ የቆጠረ የለም። እድር ማን እንደሞተበት የሚያውቀው መዝገብ ስላለው ነው። የእድሩ ጸሐፊ ሞቶ፣ መዝገቡ ተቃጥሎ፣ ግማሹ አባል ተሰዶ ቢሆን ኖሮ፣ የቀረው ሰው ማድረግ የሚችለው «ፊት ስንት ነበርን? አሁን ስንት ቀረን?» ብሎ መቀነስ ነው። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ሕዝብ፣ በመሀል የተወለደውን፣ በሰላም ጊዜም ቢሆን መሞቱ የማይቀረውን፣ ከአገር የወጣውን አሰሉ፤ ጉድለቱን የጦርነቱ ነው አሉ።

ቅነሳው ራሱ እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል ለማሳየት ከቻይና የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን አን ሉሻን የተባለ የጦር አዛዥ እ.ኤ.አ. በ755 አመፀ። በዚያ ዓመት የመንግሥት መዝገብ የያዘው ሕዝብ 53 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አመፁ ከከሸፈ በኋላ በ764 የተመዘገበው 17 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱ 36 ሚሊዮን ይሆናል፤ ኢንተርኔት ላይ በሚዞሩ «የዓለማችን አስከፊ ጦርነቶች» ዝርዝሮች ላይም ቁጥሩ እንዲሁ እንደ ሙታን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ነገር ግን ከአመፁ በኋላ መንግሥቱ የማያዝዛቸው ግዛቶች ነበሩ፤ መዝጋቢ አልደረሰባቸውም። ተሰዶ ሌላ ቦታ የሰፈረው ገበሬም፣ ከግብር የተሸሸገው ቤተሰብም በዚህ ሒሳብ ሞቷል ማለት ነው። በጦርነቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ ማለቁ እርግጥ ነው፤ 36 ሚሊዮን ማለት ግን የመዝገቡን መፍረስ ከሰዎቹ ሞት ጋር ማደባለቅ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የታይፒንግን ጦርነት አንሱላቸው። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቻይና ራሱን የኢየሱስ ታናሽ ወንድም ነኝ ባለው በሆንግ ሺዩቹዋን ተከታዮችና በንጉሠ ነገሥቱ ጦር መካከል እየነደደች ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1864 ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አብዛኛው በረሃብና በወረርሽኝ። ይህን ያህል ሰው የፈጀ ጦርነት ስሙን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ለምን እንዳልሰሙ ራሳቸው እንዲያስቡበት ተዉላቸው።

ማን ማን ገባበት?

ይህ ክፍል ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል። መሣሪያችን የራሳችን አገር ሰነድ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1946 ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ያቀረበችው ማስታወሻ የጣሊያንን ወረራ ሙታን በሰባት መስመር ዘርዝሯል። በትልቅ ወረቀት ገልብጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ በጦር ሜዳ የወደቁ 275,000፤ በወረራው ዘመን በውጊያ የወደቁ አርበኞች 78,500፤ በቦምብ የተገደሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሌሎች 17,800፤ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ 30,000፤ በአስቸኳይ ፍርድ ቤት ሞት የተፈረደባቸው አርበኞች 24,000፤ በማጎሪያ ካምፕ የሞቱ 35,000፤ መንደራቸው በመጥፋቱ በችግር ያለቁ 300,000። ድምሩን አትጻፉ፤ ተማሪዎቹ ይደምሩት። 760,300 ይመጣል።

አሁን ትምህርቱን ወደ ከተማችን አምጡት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ሆስፒታሉም ከቦምቡ አልተረፈም። ተማሪዎቹን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «የዚያን ቀን በቦምብ የሞተች የደሴ ሴት በየትኛው መስመር ላይ ናት? ከዚህ ተነሥቶ ማይጨው የወደቀውስ? ቤቱና ከብቱ ተቃጥሎበት በሚቀጥለው ዓመት በረሃብ የሞተው አባወራስ?» ልጆቹ ወረቀቱ ድረስ ሄደው ጣታቸውን እየጫኑ ያሳዩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ከሁሉም ይበልጣል» ይላል። እናንተ ቀድማችሁ አትንገሩ፤ ይህን ራሳቸው ማየት አለባቸው። በጦር ሜዳ ወደቁ ከተባሉት 275,000 ይልቅ ጎጆው ተቃጥሎ በችግር የሞተው በለጠ። ብዙዎቹ ታላላቅ ጦርነቶች ሲመረመሩ የሚገኘው ይኸው ነው።

ቁጥሮቹ ሁሉ በሁለትና ሦስት ዜሮ ማለቃቸውን ያስተዋለ ተማሪ ካለ በክፍሉ ፊት አመስግኑት። እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር ግምት ነው። የየካቲት 12ቱን መስመር ብቻ ብንወስድ፣ በቅርብ ዓመታት የተደረገ ጥናት ወደ 19 ሺህ ያወርደዋል፤ ጣሊያኖች በጊዜው ያመኑት ደግሞ ከዚህም በብዙ እጥፍ ያንሳል። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። «ቁጥሩ ከቀነሰ ወንጀሉም ቀነሰ ማለት ነው?» የሚል ተማሪ አለ፤ «ቁጥሩን መመርመር አርበኞችን መክዳት ነው» የሚልም አለ። ሁለቱንም አድምጡና ስድስት ኪሎ ያለውን ሐውልት ፎቶ አሳዩአቸው። በሦስት ቀን ውስጥ 19 ሺህ ሰው በአካፋ፣ በእሳትና በጥይት መግደልን የሚያቀል ምንም ሒሳብ የለም። ቁጥሩን በትክክል ለማወቅ መድከምም ለሟቾቹ ክብር መስጠት ነው።

ከዚህ ወደ በሽታ እለፉ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አገራችንን የመታው የኅዳር በሽታ በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን የምናስታውሰው ነው። ያው በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ የሚገመተው ኢንፍሉዌንዛ ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የታጨቁባቸው ካምፖች፣ መርከቦችና ባቡሮች በሽታውን አዛመቱት። ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳር በሽታ የሞተ ሰው የጦርነቱ ሙት ነው? ክፍሉን ለሁለት ከፍላችሁ አከራክሩ። ብዙ ጊዜ ለዚያ ጦርነት የሚጠቀሰው 9 ወይም 10 ሚሊዮን የወታደሮች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሕንድ ቤንጋል ውስጥ በረሃብ ያለቁትን 3 ሚሊዮን ሰዎችም አንዳንዱ ዝርዝር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሒሳብ ያስገባቸዋል፣ አንዳንዱ ያስወጣቸዋል። የሁለቱ ዝርዝሮች ድምር ሲለያይ አንዱ ዋሽቷል ማለት እንዳልሆነ ተማሪው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎን ጦርነት በአጭሩ ጥቀሱ። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2007 5.4 ሚሊዮን ሰው በጦርነቱ ሳቢያ እንደሞተ የተገመተው ቤት ለቤት በተደረገ መጠይቅ ነው፤ በጥይትና በጥቃት የሞተው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም፣ የቀረው በወባ፣ በተቅማጥ፣ በሳንባ ምች ነው። ግምቱን የሚነቅፉ ባለሙያዎች ክርክራቸው «ጦርነቱ ባይኖርስ ስንት ሰው ይሞት ነበር?» በሚለው መነሻ ላይ ነው።

ከስንቱ ስንት?

ይህኛው አጭር ነው። ሰሌዳው ላይ 60 ሰረዞች አስምሩ፤ የአንድ ክፍል ተማሪ ያህል ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤላሩስ ከአራት ሰው አንዱን ገደማ አጣች፤ 15ቱን ሰረዞች አጥፉ። ፖላንድ 17 በመቶ ያህል፤ መልሳችሁ ጻፉና አሥሩን አጥፉ። አሜሪካ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ሞቶባታል፤ በዚህ ሒሳብ ግን አንድ ሰረዝ እንኳ አይጠፋም። ተማሪዎችን አስነሥታችሁ «እናንተ ሞታችኋል» የሚለውን ጨዋታ አደራ አትሞክሩ፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

ፖላንድን ስታነሱ አንድ ወጥመድ አሳዩ። ከ6 ሚሊዮን ያህሉ የፖላንድ ሙታን ግማሹ አይሁዶች ናቸው፤ ናዚዎች ከጨፈጨፏቸው 6 ሚሊዮን አይሁዶች ውስጥም እነዚሁ 3 ሚሊዮን አሉ። ሁለቱን መስመሮች ዝም ብሎ የሚደምር ተማሪ 3 ሚሊዮን ሰው ሁለት ጊዜ ይቀብራል።

ወደ አንድ ቤት ግቡ

ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ዳቦና ሚዛን ያስፈልጋችኋል። ከሱቅ ዳቦ ገዝታችሁ ባለሱቁ በሚዛኑ 125 ግራም እንዲመዝንላችሁ ጠይቁ። ቁራሹን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ለጥቂት ጊዜ ምንም አትናገሩ። ከዚያ ንገሯቸው። የጀርመን ጦር 872 ቀን በከበባት የሶቪየት ከተማ በሌኒንግራድ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ ላይ ለአንድ ልጅ የቀን ራሽኑ ይህ ነበር። ያም ንጹሕ ዱቄት አልነበረም፤ ሊበላ የማይገባው ነገር ሁሉ ተደባልቆበታል። በዚያች አንዲት ከተማ ከ800 ሺህ የማያንስ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አብዛኛው በረሃብ።

ቀጥሎ ታንያ ሳቪቼቫን አስተዋውቋቸው። ሲጀምር የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። የእህቷን ትንሽ የማስታወሻ ደብተር ወስዳ፣ በፊደል ተራ በተከፈሉት ገጾች ላይ ከቤተሰቧ የሞተውን ሰው በስሙ መነሻ ፊደል ሥር ትጽፍ ነበር። እህቷ፣ አያቷ፣ ወንድሟ፣ ሁለት አጎቶቿ፣ እናቷ። እያንዳንዱ ሞት ቀኑና ሰዓቱ አለው፤ ሌላ ቃል የለበትም። በመጨረሻም ሁሉም እንደሞቱና ብቻዋን እንደቀረች ጻፈች። እሷም ከከተማዋ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 ሞተች። ተማሪዎቹ የማይጠብቁት ነገር ግን አለ፤ አንድ እህቷና አንድ ወንድሟ በሕይወት ነበሩ። እህቷ ከከተማው ወጥታ፣ ወንድሟ ከሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ፣ ወሬያቸው ስለጠፋ ነው ሞቱ ያለቻቸው። አንዲት ልጅ የራሷን ቤት ስትቆጥር እንኳ የጠፋውና የሞተው ተደበላለቁባት። ተማሪው የ27 ሚሊዮኑን ግምት ክብደትም ችግርም ከዚህ ደብተር ይረዳል።

ዳቦውን ከትምህርቱ በኋላ አትጣሉት፤ ልጆቹ ይካፈሉት።

ፈተና ስታወጡ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንት ሰው ሞተ?» የሚለውን የምርጫ ጥያቄ ተዉት። በምትኩ አንድ የሙታን ሰንጠረዥ ስጡና እነዚህን ጠይቁ፦ ቁጥሩን ያወጣው ማን ነው? በምን ዘዴ? በረሃብና በበሽታ የሞቱት ገብተዋል? ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ሰው ሊኖር የሚችለው የት ላይ ነው? ለእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ስጡ። ተማሪው ትክክለኛውን ቁጥር ባያስታውስም፣ በ«ከ» እና በ«እስከ» ጽፎ ምክንያቱን ካስረዳ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።