ከቦሌ እስከ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?

ዲሲ አካባቢ አዲስ ከሆናችሁ ይዋል ይደር እንጂ ወይ ወላጅ ትቀበላላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ አገር ቤት ትሄዳላችሁ። ያኔ ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ግራ ያጋባል። ከቦሌ እስከ ደለስ፣ ማለትም ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው ዓለም አቀፍ ኤርፖርት፣ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ሲመጣም ሲሄድም ያው ነው፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን ይለያያል።

ለምሳሌ ከቦሌ 22፡30 ተነስቶ በማግሥቱ 8፡00 ደለስ የሚገባ በረራ እንውሰድ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4፡30 ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ሲያዩት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን የየከተማው ሰዓት ነው። ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በቀረው ጊዜ በ8። በረራው ልዩነቱ 7 በሆነበት ወቅት ከሆነ 7 ደምሩበት፣ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ቀንሱ። ከደለስ 11፡00 ተነስቶ በማግሥቱ 7፡00 ቦሌ ቢገባ ጉዞው 13 ሰዓት ነው።

ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ነው፤ ሲመጡ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ያግዛል። ሁለተኛው ራሱ ቦሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ ነዳጅም ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ከዚያ ሲነሳ በቀጥታ ቦሌ መግባት ይችላል። ይሄንን ለእናታችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት። መሀል ላይ ሲያርፍ «ደረስን» ብላ ሻንጣዋን ይዛ እንዳትነሳ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የእኩለ ሌሊት ቲኬት ነው። «ሰኞ 00፡30» የሚል ካያችሁ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ማለት ነው። ቦሌ መገኘት ያለባችሁ እሁድ ማታ ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሆኖታል። ለቤተሰብ ስትነግሩ ቀኑንም ሰዓቱንም በአገር ቤት አቆጣጠር በወረቀት አስጽፏቸው።

የምትቀበሉ ከሆነ አውሮፕላኑ አረፈ ማለት ሰው ወጣ ማለት አይደለም። ፓስፖርትና ጉምሩክ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ለአዛውንት ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቼር ጠይቁ፤ ሰልፉም እንግሊዝኛውም ይቀልላቸዋል። ከደለስ ወደ ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ የሚቀጥል ሰው ደግሞ ሻንጣውን እዚያው ደለስ ተቀብሎ፣ ጉምሩክ አልፎ እንደገና ማስረከብ አለበት። ስለዚህ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር።

መኪና ከሌላችሁ አታስቡ፤ ከ2022 ጀምሮ ሲልቨር ላይን ባቡር ደለስ ድረስ ይሄዳል። ሌላ ከተማ ላይ ቀይሮ የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ግን መጀመሪያ የኤርፖርቱን ምልክት እዩ። አይ ኤ ዲ ካለ ደለስ ነው፤ ዲ ሲ ኤ ካለ ከተማው አጠገብ ያለው ሬገን ነው።