የሥዕል መምህር ሙዚየም ብቻውን ባይሄድ

የሥዕል መምህራን ሙዚየም ስትሄዱ ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው አስከትላችሁ፣ እናንተ ማብራራት ከመጀመራችሁ በፊት ያየውን እንዲነግራችሁ ብታደርጉ ለማስተማር ሥራችሁ እጅግ ይጠቅማችኋል። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከእህቴ ልጅ ጋር ስጎበኝ፣ እኔ ስለ ቀለም አቀባቡ ልተርክላት ስዘጋጅ፣ እሷ አንድ ጥንታዊ ሥዕል ፊት ቆማ «ይሄኛው ሰውዬ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው?» አለችኝ። በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ልማድ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ባውቅም፣ ለዓመታት ትርጉሙን አስቀድሜ ስለምናገር ተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ፋታ አላገኙም ነበር፤ አሁን ትምህርቱን የምከፍተው በእሷ ጥያቄ ነው። የሰማችሁትን ከግቢው ሳትወጡ፣ ሳታሳምሩ፣ በተናጋሪው ቃል ጻፉት።