እጅ ሲንቀጠቀጥ፦ ክላሲካል ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች ቀረጻና መድረክ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ቤት ውስጥ ሃያ ጊዜ ያለ እንከን የተጫወታችሁት ሙዚቃ፣ መቅጃው መሥራት ሲጀምር ድንገት የማታውቁት ይሆናል። ጣት ይቀዘቅዛል። የግራ አውራ ጣት የጊታሩን አንገት ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ያ የምትፈሩት ቦታ ሊደርስ ሁለት መስመር ሲቀረው ትንፋሽ ቀጥ ይላል። በእኔም ደርሷል፣ ከእኔ እጅግ በሚሻሉ ተጫዋቾችም ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ባየሁት ልክ ደግሞ ከፍርሃቱ በላይ የሚጎዳን ከፍርሃቱ ለማምለጥ የምናደርገው ነገር ነው።

ፍርሃቱ እስኪጠፋ መጠበቅ

አይጠፋም። ታላቁ የቼሎ ተጫዋች ፓብሎ ካዛልስ እንኳ የመድረክ ፍርሃት ዕድሜውን ሙሉ እንዳልለቀቀው ራሱ ተናግሯል። ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው አድሬናሊን ይለቅና ደም ከጣቶች ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ ጣታችሁ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ክሩን በጥፍራችንና በጣታችን ሥጋ በቀጥታ ስለምንነካ ትንሿም መንቀጥቀጥ ድምፁ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ የሚበጀው እየፈሩ መጫወትን መልመድ ነው። ደረጃ ሮጣችሁ ውጡ፣ ልባችሁ ገና እየደለቀ ተቀመጡ፣ ጣት ሳታሟሙቁ ከባዱን ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወቱ። የመጀመሪያ ቀን ያስጠላል። ከሳምንት በኋላ ግን የሚንቀጠቀጥ እጅ ምን መሥራት እንደሚችልና እንደማይችል ታውቃላችሁ።

«ተረጋጋ፣ ተረጋጋ» እያሉ ራስን መጨቅጨቅም ብዙ አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ አንድ ጥናት ላይ፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ልብ መምታቱን አያቆምም፤ ስሙን መቀየር ግን ይቻላል።

ጣት ያውቀዋል ብሎ መተው

ይሄኛው ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ መድረክ ላይ የሚጥለን እሱ ነው። አንድ ሙዚቃ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ጣት ብቻውን መሄድ ይጀምራል፣ እኛም «በቃ ገባኝ» እንላለን። ፍርሃት ሲመጣ ግን አእምሮ ጣቱን መከታተል ይጀምራል፣ «ቀጥሎ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ የለም።

አንድ ጊዜ የባኽ ፉጋ (አንድ ዜማ በተለያዩ ድምፆች እየተፈራረቀ የሚመላለስበት ሙዚቃ) ሰው ፊት እየተጫወትኩ ዋናው ዜማ ተመልሶ መጣ። ያ ዜማ አንድ ቦታ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፋል፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ወደ ሌላ። እጄ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ያዘና ሳላስበው ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። ቤት ውስጥ ተሳስቼው የማላውቀው ቦታ ነበር። ለምን ሁለቱ እንደሚለያዩ ግን አንድም ቀን ለራሴ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሙዚቃ ስምንት ወይም አሥር ቦታ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ፣ ከየትኛውም ምልክት ተነስቼ መጫወት ካልቻልኩ አልቻልኩትም ማለት ነው። ከመጨረሻው ክፍል ጀምሬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። በግማሽ ፍጥነት በቃሌ እጫወተዋለሁ፤ ዝግ ሲል የጣት ልማድ ስለሚጠፋ የማታውቁት ቦታ ወዲያው ይጋለጣል። ጊታሩን አስቀምጣችሁም ዓይን ጨፍኖ የግራ እጅን እንቅስቃሴ በሐሳብ መከተል ይቻላል። ድካሙ ያስገርማችኋል።

ፈጥኖ መጀመር

አድሬናሊን የውስጥ ሰዓታችንን ያፋጥነዋል። የለመድነው ፍጥነት ዘገምተኛ ይመስለናል፣ እንጨምራለን፣ ከባዱ ቦታ ስንደርስ መውጫ የለም። የመጀመሪያውን ኖታ ከመምታታችሁ በፊት ከሁሉም የሚከብደውን መስመር በልባችሁ ዘምሩትና ፍጥነቱን ከእሱ ውሰዱ። ትሬሞሎ ላይ፣ ማለትም አንድን ኖታ በፍጥነት እየደጋገሙ መምታት ላይ፣ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የስፔናዊው የጊታር ሙዚቃ ደራሲ ታሬጋ «የአልሃምብራ ትዝታ» ዓይነት ሙዚቃ አውራ ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ የመሐል ጣት፣ ጠቋሚ ጣት እያለ የሚዞር ስለሆነ፣ እጅ ሲደርቅ እኩል መሆኑ ይቀርና እንደ ፈረስ ግልቢያ ይሆናል። ያኔ ድምፁን ቀነስ፣ ጣቱን ወደ ክሩ ቀረብ።

ክሩን አንቆ መያዝ

ስንፈራ እንጨብጣለን። ባሬ ላይ፣ በአንድ ጣት ብዙ ክር ስንጫን፣ ደግሞ ሁለት እጥፍ እንጫናለን፣ ከሁለት ገጽ በኋላ ክንዳችን ያልቃል። ይህን ሞክሩ፦ ክሩን ነካ ብቻ አድርጉና እየመታችሁ ጫናውን ትንሽ በትንሽ ጨምሩ፣ ድምፁ ልክ የጠራበት ቦታ ላይ አቁሙ። የሚያስፈልገው ያ ብቻ ነው፣ ከምታስቡት በጣም ያነሰ። ከከባድ የግራ እጅ ዝላይ በፊት ደግሞ ኖታው ላይ በእርሳስ «ተንፍስ» ብላችሁ ጻፉ። እኔ እስከ ዛሬ እጽፋለሁ።

በተሳሳቱ ቁጥር አቁሞ ከመጀመሪያው መጀመር

ቀረጻ ላይ ይሄ ይገላል። የመጀመሪያው ገጽ አርባ ጊዜ ይቀረጻል፣ የመጨረሻው ገጽ በደከመ እጅና በተሰላቸ ልብ። ከዚያም ባሰ አእምሮ «ስትሳሳት ማቆም ነው» የሚለውን ይማራል፣ መድረክ ላይም ይዞት ይመጣል። ሦስት ዙር ከዳር እስከ ዳር ሳታቆሙ ቅረጹ፣ የፈለገው ይሁን። ከዚያ የተበላሹትን ክፍሎች ብቻ ድገሙ፣ ሲቀጠል እንዳይታወቅ ጥቂት መስመር ቀደም ብላችሁ እየጀመራችሁ። በየዙሩ መካከል ጊታሩን ቃኙት። የተቀዳውን ግን ወዲያው አትስሙ፤ በዚያ ሰዓት ወፍራሙ (ባስ) ክር ላይ ጣት ሲንሸራተት የሚወጣው ሲጢጥታ ሁሉ ጥፋት ይመስላችኋል። በማግስቱ ሙዚቃውን ትሰማላችሁ።

የመጨረሻው ቀን ላይ መነካካት

በዋዜማው የትኛው ጣት የትኛውን ኖታ እንደሚይዝ አትቀይሩ። አዲስ የናይለን ክር ቃናው እስኪረጋ ቀናት ስለሚወስድ ቀደም ብሎ ይታሰር። ጥፍርም እንዲሁ፣ አዲስ ቅርጽ ከእጅ ጋር መላመድ አለበት። በዚያ ቀን ከወትሮው በላይ ቡና መጠጣት መንቀጥቀጡን ያባብሰዋል። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሙዚቀኞች አሉ፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነውና ከጓደኛ ተቀብላችሁ እንዳትውጡት፣ ሐኪም ሳያይ አይሆንም።

ስትሳሳቱ ፊታችሁን ማጨማደድ

አዳራሹ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው ያቺን ኖታ አልሰማትም፣ ፊታችሁን ግን ያያል። ለዚህም ልምምድ አለው። ጓደኛ አጠገባችሁ ይቀመጥና መሐል ላይ ያጨብጭብ፣ ዕቃ ይጣል፣ ስማችሁን ይጥራ፤ እናንተ ደግሞ ምቱን ሳትለቁ የሚቀጥለው ምልክት ላይ ዘላችሁ ግቡና ቀጥሉ።