ከ«ኦ-ዩ-ጂ-ኤች» ጋር የምንሠራቸው ስህተቶች

ለመጀመሪያ ሥራዬ ቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ቀን ስለ ድርቅ የተጻፈ የአንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ዘገባ ሰጡኝና ጮክ ብለህ አንብብ አሉኝ። «ድርቅ» የሚለውን ቃል ገና ከርዕሱ ላይ «ድሮት» ብዬ በሙሉ ልብ አነበብኩት። ቃሉ በገጹ ላይ ሰባት ጊዜ ተመላልሷል፤ ሰባቱንም ጊዜ «ድሮት» አልኩ። ጠያቂዎቼ ጨዋዎች ስለነበሩ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ንባቡ «ድራውት» መሆኑን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ሬዲዮ ሳዳምጥ ነው። ብቻዬን በተቀመጥኩበት ፊቴ ጋለ።

ከዚያ ወዲህ ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች ተከታትለው የተጻፉበትን ቃል ሁሉ ብድር እንደካደኝ ሰው አሳድደዋለሁ። ዛሬ እንጀራዬ ሰዎች በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን ማረም ስለሆነ፣ አራቱ ፊደላት የሚጥሉን የት የት እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ።

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ፊደሉ ድምፁን ይነግረኛል ብሎ መጠበቅ ነው። ሀ ሁ ቆጥሮ ያደገ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ በእኛ ገበታ «በ» የትም ቢገባ ያው «በ» ነው። እነዚህ አራት ፊደላት ግን በአንዱ ቃል «ኦው»፣ በሌላው «ኡ»፣ ሌላ ቦታ «ኣፍ»፣ «ኦፍ»፣ «ኣው» ወይም «ኦ» ተብለው ይነበባሉ። ጂ እና ኤች መጀመሪያ የተጣመሩት ያለ ነገር አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ነበር፤ ትግርኛ ተናጋሪ «ኸ» ሲል ወይም ዐረብ የካርቱምን ስም ሲጠራ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ዓይነት። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚኒስተር ላይ ማተሚያ ተከለ። ማተሚያው አጻጻፉን እያጸና ሲሄድ የሰዉ አነጋገር ግን መለወጡን ቀጠለ። ያ ድምፅ በአንዳንዱ ቃል ጨርሶ ጠፋ፣ በአንዳንዱ ወደ «ፍ» ዞረ፣ ፊደሉ ግን ባለበት ቀረ።

አማርኛ አንባቢ በዚህ ባይስቅ ይሻለዋል። «ኃይል»ን በብዙኃኑ ኀ፣ «ሐኪም»ን በሐመሩ ሐ ስንጽፍ፣ ግእዝ ለይቷቸው የነበሩትን፣ የእኛ አፍ ግን አንድ ያደረጋቸውን ድምፆች በወረቀት ላይ እየጠበቅን ነው። እንዲያውም የብዙኃኑ ኀ የጥንት ድምፅ ለእንግሊዞቹ የጥንት ጂ-ኤች የቅርብ ዘመድ ነበር። «ኃይል»ን በዓይናችን እንደያዝነው እነዚህንም ቃላት በዓይን መያዝ ነው የሚያዋጣው።

ሁለተኛው ስህተት አንዱን ቃል አውቆ ሌላውን በእሱ መገመት ነው። «ጠንካራ» ማለት የሆነውን «ታፍ» ውሰዱ፤ ቲ፣ ከዚያ አራቱ ፊደላት። ከቲው ቀጥሎ አንድ ኤች ጣል ብታደርጉበት «ዞው» ይሆናል፣ «ምንም እንኳ» ማለት ነው፤ «ፍ» የምትባል ነገር ድራሿ ይጠፋል። ከኤቹ ቀጥሎ አር አስገቡ፣ «ስሩ»፣ «በኩል» ወይም «አልፎ» ይሆናል። አሩን አውጥታችሁ መጨረሻው ላይ ቲ ጨምሩ፣ «ሶት»፣ «አሰበ» ሆነ። አንድ ፊደል በገባና በወጣ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይተራመሳል። የመነሻውን «ዝ» እና «ስ»ም እኔ ለመቀራረብ ያህል ጻፍኳቸው እንጂ፣ ሁለቱም ምላስ በጥርስ መካከል ገብታ የምትሠራቸው፣ በእኛ ፊደል የሌሉ ድምፆች ናቸው።

ስለዚህ በየቤተሰባቸው ይጠኑ። በየዕለቱ ከሚያጋጥሙን ቃላት በ«ፍ» የሚጨርሱት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም፦ «ታፍ»፣ ሻካራ የሆነው «ራፍ»፣ በቂ የሆነው «ኢናፍ»፣ ሳል የሆነው «ኮፍ»፣ እንዲሁም የከብት ማጠጫ ገንዳው «ትሮፍ»። ከእነዚህ ውጭ «ፍ» ለማለት አትቸኩሉ። ማረሻው «ፕላው» ነው፣ ሊጡ «ዶው»።

እኔን ያዋረደኝ ሦስተኛው ነው። ከአራቱ ፊደላት ቀጥሎ ቲ ሲመጣ ንባቡ «ኦት» ነው፦ ገዛ «ቦት»፣ አመጣ «ብሮት»፣ ተዋጋ «ፎት»። ደንቡ ደስ ይላል፣ ይሠራልም፤ ድርቅ ላይ ሲደርስ ብቻ ይከዳችኋል። በእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርት ውስጥ ይህ ቃል የማይገባበት ገጽ ማግኘት በሚያስቸግርበት አገር፣ ከደንብ ያፈነገጠው እሱ መሆኑ የእኛ ዕድል ነው።

«ቦት» እና «ብሮት» ካነሳሁ አይቀር፣ ከማርማቸው ጽሑፎች ሁሉ በብዛት የሚያናድደኝ የእነሱ መቀላቀል ነው። አንድ የወጪ መግለጫ ላይ «ሁለት ማተሚያ ማሽን ገዝተናል» ለማለት «አምጥተናል» ተብሎ ተጽፎ፣ ሂሳብ ክፍሉ «ከየት አመጣችሁት?» የሚል ደብዳቤ ልኮ ነበር። መለያው ቀላል ነው፤ «ብሪንግ»፣ ማምጣት፣ ውስጥ አር አለ፣ «ብሮት»ም ውስጥ አለ። «ባይ»፣ መግዛት፣ ውስጥ አር የለም፣ «ቦት»ም ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ማመን ይመጣል። ፊደል አራሚው ቀይ መስመር የሚያሰምረው በመዝገበ ቃላቱ ለሌለ ቃል ነው። «ዞው»፣ «ስሩ» እና «ጥልቅ» ማለት የሆነው ቃል፣ ማለትም እንግሊዞች «ሳረ» አሜሪካኖች «ሰሮው» የሚሉት፣ ሦስቱም ያሉ ቃላት ናቸው። «ሰነዱን አንድ በአንድ አልፌበታለሁ» ማለት ፈልጎ «ሰነዱን ምንም እንኳ ሄጃለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ገጹ ንጹሕ ሆኖ ይታየዋል። «ጥልቅ ጥናት» ተብሎ የታሰበው «በኩል ጥናት» ሆኖ አለቃ ጋ የደረሰበትን ቀንም አይቻለሁ። ደግሞ ማንበብ ብዙ አይረዳም፤ ዓይን የሚያነበው የተጻፈውን ሳይሆን ጸሐፊው ያሰበውን ነው። እኔ የማደርገው በኮምፒውተሩ መፈለጊያ አራቱን ፊደላት ጽፌ በየተገኙበት አንድ በአንድ መቆም ነው። አሥር ገጽ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አሜሪካ የከረመ ዘመድ በስልክ በሚልከው መልእክት «ስሩ»ን በቲ-ኤች-አር-ዩ ብቻ ሲያሳጥር አይታችሁ ይሆናል። ለመንገድ ምልክትና ለመልእክት ይሁን፤ ለሥራ ማመልከቻ ግን አይሆንም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1906 የመንግሥት ማተሚያ ቤት ይህንና መሰል ሦስት መቶ ያጠሩ አጻጻፎችን እንዲጠቀም አዝዘው፣ ምክር ቤቱ ተነሥቶባቸው በዚያው ዓመት አፈግፍገዋል።

በመጨረሻ፣ የቦታ ስም ላይ ደንብ አትፈልጉ። ከለንደን በስተምዕራብ ያለችው ከተማ «ስላው» ናት። ደቡብ ለንደን ውስጥ ያለው የ«ላፍብራ» ባቡር ጣቢያ ደግሞ አራቱን ፊደላት በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ይዞ፣ ሁለቱንም በየራሳቸው ድምፅ ያስጠራቸዋል። ሰሜን አየርላንድ ከተሻገራችሁ «ሎኽ ኔይ» የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። «ሎኽ» ሐይቅ ማለት ነው፤ የሚጻፈው በኤል እና በእነዚሁ አራት ፊደላት ሲሆን የጉሮሮው ድምፅ እዚያ አልሞተም። ብዙ እንግሊዞች አቅቷቸው «ሎክ» ብለው ያልፉታል፤ ትግርኛ የሚችል መንገደኛ ግን አሳምሮ ይጠራዋል።