ሐይቅ ዳር ከመውሰዳችሁ በፊት

የሐዋሳ ውሻ አሰልጣኞች፣ «ቁጭ በል» ግቢ ውስጥ ስለሰራ ውጪም ይሰራል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። እኔ ተሸውጃለሁ። የኔው ጉድ ቤት ውስጥ ሐውልት ነው፤ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስወስደው ግን የዓሣው ሽታ፣ አባ ኮዳው (ያ ትልቁ ወፍ) እና ጦጣው ሲደባለቁበት ስሙንም ረሳው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ገና ከመነሻው አስጠጋሁት።

እናንተ ከሩቅ ጀምሩ። አባ ኮዳውን እያየም ስትጠሩት ዞር የሚልበት ቦታ ላይ አስቀምጡት፣ ሦስት ሰከንድ ከቆየ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ስጡት፣ በማግስቱ ጥቂት እርምጃ ጠጋ በሉ። ከተነሳ አትጩኹበት፣ ትንሽ ወደኋላ ተመለሱና እንደገና ሞክሩ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ደግሞ ሥጋውን ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ በታዛዥነት ውድድር ሜዳ ውስጥ ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም።

ውሻው በዘንጎች መሃል እየተጠማዘዘ ለሚያልፍበት ዚግዛግ ውድ ዕቃ አትግዙ። በዓለም አቀፉ የአጂሊቲ (የውሻ መሰናክል ውድድር) ደንብ 12 ዘንጎች ናቸው፣ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት፤ ሸንበቆ ቆርጣችሁ ትከሉ፣ በስድስት ጀምሩ። ዝላይ ላይ ግን ቡችላ ከሆነ እንጨቱን መሬት ላይ አጋድሙት፣ አጥንቱ እድገቱን ሳይጨርስ ከፍ አድርጎ ማዘለል መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል። ሁሉንም በጠዋት፣ አስፋልቱ ሳይግል።