ገጻችን ጉግል ላይ ያልወጣው ለምን እንደሆነ ያወቅሁት እንዲህ ነው

የእህቴ የሀበሻ ልብስ ስፌት ገጽ ጉግል ላይ አልወጣ ብሎ ነበር። አሁን ተፈቷል፤ ሌላም ሰው እንዳይቸገር ልጻፈው።

መጀመሪያ ጉግል መፈለጊያው ላይ «ሳይት» (site) የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ ከዚያ ክፍተት ሳልተው የገጹን አድራሻ። ምንም የለም። ግን በዚህ ብቻ እንዳትወስኑ፤ ይህ ፍለጋ የተመዘገበን ገጽም ላያሳይ ይችላል። ቁርጡን የሚነግራችሁ ሰርች ኮንሶል የሚባለው፣ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ ነው። ነጻ ነው፣ የድረ ገጹ ባለቤት መሆናችሁን ማረጋገጥ ብቻ ይጠይቃል። ከላይ ባለው ሳጥን ሙሉ አድራሻውን ሳስገባ ገጹ ጉግል ላይ እንደሌለ፣ የከለከለውም «ኖኢንዴክስ» የሚል (ገጹን አትመዝግቡ ማለት ነው) ትእዛዝ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ።

ድረ ገጹ ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ነው። የሠራው ልጅ ሥራው ሳያልቅ እንዳይታይ ብሎ የዘጋውን ሳይከፍት አስረክቦናል። ሴቲንግ ውስጥ «ሪዲንግ» የሚለው ጋ ገብቼ፣ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡ የሚጠይቀው ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት አነሳሁና ሴቭ አደረግሁ። ካሹን (ተቀምጦ የቆየውን የገጹን ቅጂ) አጸዳሁ። የገጹን ሶርስ ኮድ (ከጀርባው ያለውን ኮድ) ከፍቼም ኖኢንዴክስ የሚለው መጥፋቱን በዓይኔ አየሁ፤ ይቺን አትዝለሏት፣ ካሹ ካልጸዳ አሮጌው ገጽ ሊቀርብ ይችላል። ከዚያ ሰርች ኮንሶል ላይ ተመልሼ እንዲመዘገብ ጠየቅሁ።

የሮቦትስ ፋይሉንም (robots.txt፣ የፍለጋ ሞተሮች የትኛውን ገጽ ማንበብ እንደሚችሉ የሚነግረውን) እዩት። ጉግል እዚያ ከተከለከለ ገጹን ስለማያነበው ኖኢንዴክሱ መነሳቱንም አያውቅም። ጥያቄውን ደጋግሞ መላክ ደግሞ ምንም አያፋጥንም፤ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።