«ይታይ» ብለህ አትምራ

የእህቴ ልጅ ደሴ ላይ የዞን መምሪያ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እኔ ጡረታ ወጥቼ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ የደሴ ብርድ ለጉልበቴ አልሆነም። በሥራ ዘመኔ የሰባት ኃላፊዎች ጸሐፊ ነበርኩ። እሑድ ዕለት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ መጣና «አክስቴ፣ ከየት ልጀምር?» አለኝ። ቡና እያፈላሁ የነገርኩትን ለሌላም አዲስ ተሿሚ ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ርክክብ። ቁልፍና ማኅተም ብቻ ተቀብለህ ፎቶ አትነሳ። ያልተዘጋ የኦዲት ግኝት አለ ወይ? ፍርድ ቤት ያለ ክርክር? ያልተከፈለ ዕዳ? ንብረቱን ከመዝገቡ ጋር እያመሳከርክ ቁጠር። አንዱ አለቃዬ ይሉኝታ ይዞት ሳይቆጥር ፈረመ። በዓመቱ የሌለ ኮምፒውተር አምጣ ተባለ።

ቀጥሎ መዝገብ ቤት ሂድ። ወደ ቢሮህ አታስጠራ፣ ራስህ ሂድ። መምሪያ መሃል ላይ ያለ ነው፤ ከላይ ባሕር ዳር ያለው ቢሮ ሪፖርት ይጠይቅሃል፣ ከታች የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በጀትና ባለሙያ ይጠይቁሃል። ሁሉም በደብዳቤ ነው። የትኛው ደብዳቤ የት እንደተኛ የምታውቀው የመዝገብ ቤቷ ልጅ ናት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ደብዳቤ መምራት። ገቢ ሆኖ ጠረጴዛህ ላይ ሲመጣ ጥግ ላይ የምትጽፋት አንድ መስመር ሥራህ እሷ ናት። «ይታይ» ብሎ የሚመራ ኃላፊ ነበረን፤ ደብዳቤውም ሲታይ ኖረ። «ለሚመለከተው» ደግሞ ማንንም አይመለከትም። ሦስት ነገር ጻፍ፦ የሰው ስም፣ ምን እንዲደረግ፣ እስከ መቼ። «ለአቶ እገሌ፦ ከመመሪያው ጋር አገናዝበው እስከ ረቡዕ የመልስ ረቂቅ ያቅርቡ» በል፤ ቀንና ፊርማ አኑርበት። ከዚያ አርብ አርብ ከጸሐፊህ ጋር ቁጭ ብለህ ያልተመለሰውን ጥራ። ሁለት አርብ ካደረግከው በሦስተኛው ሳትጠራቸው ይመጣሉ።

ግልባጭም አትናቅ። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ደሴ ውስጥ የስንት መሥሪያ ቤት ፋይል እንደተበተነ የከተማው ሰው ያውቀዋል። እኛን ያተረፈን ወረዳ ላይ የነበረው ግልባጭ ነው።

ባለጉዳይ። ከወግዲ ወይ ከደላንታ የመጣ ገበሬ መኪና ተሳፍሮ፣ አልጋ ይዞ አድሮ ነው በርህ ላይ የቆመው። «ነገ ና» ማለት አንድ ሌሊት አልጋ ክፈል ማለት ነው። የማይሆን ከሆነ አይሆንም በለው፤ ግን በጽሑፍ፣ የትኛው አንቀጽ እንደከለከለ ጠቅሰህ። ያንን ይዞ የበላይ አካል ጋ አቤት ይላል። አቤት ቢልብህም አትቀየም፣ መብቱ ነው።

በጀት ላይ ብዙ አልናገርም፣ የፋይናንስ ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ብቻ ልንገርህ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሁሉም ሰው ሚያዝያ ላይ ይነቃል። ከዚያ ጨረታው ጥድፊያ፣ ዕቃው እንደነገሩ። የግዥ ዕቅድህን ክረምቱ ሳይወጣ ጨርስ። የወረዳ ድጋፍና ክትትልህን ደግሞ በበጋ አድርገው፤ በነሐሴ ጭቃ ከለላ ወረዳ እደርሳለሁ ብለህ ነዳጅ አታቃጥል።

ባሕር ዳር ለስብሰባ ስትጠራ ውክልና በደብዳቤ ስጥ፤ የማይጨምረውንም ጻፍበት። ቅጥርና ዝውውር ካልነጠልክ ስትመለስ የማታውቀው ሠራተኛ እንደምን አደርክ ይልሃል። ማኅተሙን ቦርሳህ ውስጥ ይዘህ የሄድክ እንደሆነ ግን ጸሐፊህ ትረግምሃለች። እኔ ረግሜያለሁ።

ዘመድ ይመጣል። «እንትና ልጅ እኮ ናት፣ አንድ ቦታ አስገባልኝ» ይልሃል። በቅጥር ማስታወቂያ ትወዳደር በልና ቡና ጋብዘህ ሸኝ። መጀመሪያ የምመጣው እኔ ብሆንስ? ያው ነው። ቡናው ብቻ ይወፍር።

በረካውን ሳይጠጣ ተነሳ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ሳይወርድ ልድረስ ብሎ። ሐሙስ ማታ ደወለልኝ። መዝገብ ቤት ወርዶ ነበር። «አክስቴ» አለኝ፣ «‹ይታይ› የተባለ 43 ደብዳቤ አገኘሁ። አንዱ ላይ የተጻፈው የኔ እጅ ጽሑፍ ነው። የሰኞ ነው።»